የሽምብራው ገዳይ ማን ነው?

ሰው ሲታመም ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። ሐኪሙም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ደረቱን ያዳምጣል፤ ደሙን ያስመረምራል፤ የበሽታውን ስም ካወቀ በኋላ ነው ብዕሩን የሚያነሣው። አዝመራ ሲታመም ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ባለቤቱ «ጥም ነው» ይላል፤ ጎረቤቱ «ውርጭ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «የሰው ዐይን ነው» ይላል። ተምረናል የምንለው እኛም ከመንገድ ዳር ቆመን አንድ ጊዜ እናይና በመዝገባችን ላይ «የዝናብ እጥረት» ብለን ጽፈን እንፈርማለን። በፊርማችንም ነገሩ ያልቃል፤ በሽታው ግን አያልቅም።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንናገረው ሽምብራን ቆሞ ሳለ አጠውልጎ ስለሚገድለው በሽታ ነው። በሽታውን የሚያመጡት ሻጋታዎች፣ ሊቃውንቱ ፈንገስ የሚሏቸው፣ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረቶች ናቸው። ይልቁንም ልናተኩርበት የምንፈልገው ከብዙዎቹ መካከል ጥፋተኛው የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቅበትን መንገድ ነው። ስሙን ሳያውቁ የሚያክሙት በሽታ ሐኪሙን ያሳፍራል፤ በሽተኛውንም ይገድላል።

አንባቢያችን ምናልባት «እኔ የከተማ ሰው ነኝ፤ ከሽምብራ ጋር ምን አገናኘኝ?» ይል ይሆናል። በታኅሣሥና በጥር ወር በሾላ ገበያ ያለፈ ሰው የሽምብራ እሸት በእስር በእስር ሆኖ ሲሸጥ ያያል። ተማሪው እየፈለፈለ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል። በምሳ ሰዓት አለቃውም ተላላኪውም ሽሮ ያዝዛሉ። በጾም ጊዜ እናቶቻችን የሽምብራ ዱቄት ለውሰው፣ በዓሣ መልክ ቀርጸው፣ ጠብሰው በወጥ ያቀርቡልናል። ሥጋ በየቀኑ ለማይገባበት ቤት ሽምብራና ዘመዶቹ ሥጋው ናቸው። አገራችን ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ በሽምብራ ምርት የመጀመሪያዋ ናት፤ በ2010ዎቹ ዓመታት በሽምብራ የሚሸፈነው መሬት ከ200 ሺህ ሄክታር በላይ ነበር (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን)። እንግዲህ ሽምብራው በታመመ ጊዜ የታመመው የእኛም ማዕድ ነው።

ከእንጦጦ ላይ ሲታይ

እሑድ እሑድ ከየካ ተነሥተን የእንጦጦን አቀበት የመውጣት ልማድ አለን። ከላይ ሲደርሱ ከተማው ሁሉ ከእግር በታች ይሆናል። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ወደ ደቡብ ምሥራቅ የተመለከተ ሰው የየረርን ተራራ ያያል፤ ከየረር ወዲያ ደግሞ እስከ ቢሾፍቱ የሚዘረጋው የአድአ ሜዳ ይታሰበዋል። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ስለሚበልጥ ብርዱ ለሽምብራ አይመችም። የሽምብራ አገር ያ ከታች ያለው ሜዳ ነው፤ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ያለበት፣ ክረምት የሚጨቀይ፣ በጋ የሚሰነጣጠቅ ምድር።

የሽምብራ ኑሮ ከሌላው አዝመራ ይለያል። ጤፍና ስንዴ በዝናቡ መካከል ሲዘሩ፣ ሽምብራ ብዙውን ጊዜ የሚዘራው ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ወይም ካለቀ በኋላ ነው። ጥቁሩ አፈር በክረምት የጠጣውን ውሃ ሽምብራው በበጋ ይጠጣል። ዝናብ አንድ ጠብታ ሳይወርድ ያብባል፤ ያፈራል። ስለዚህ ሽምብራ በኅዳር ወር ሲጠወልግ ያየ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ «እርጥበቱ አለቀ» የሚል ነው። በዚህም አይፈረድበትም።

ይህን የምንጽፈው በሌላው ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም፤ ስሕተቱን ራሳችን ሠርተነዋል። የዩኒቨርስቲ ተማሪ ሳለን በኅዳር መጨረሻ ከየረር ወዲያ ማዶ የሚኖሩትን አጎታችንን ልንጠይቅ ሄድን። ሽምብራው አብቧል። በማሳው መካከል ግን እዚህም እዚያም፣ የእህል አውድማ የሚያህል ቦታ ላይ ያለው ቡቃያ አንገቱን ደፍቷል። አጎታችን አንዱን ነቅለው ሥሩን አገላብጠው አዩ፤ ትል የለም፤ ብስባሴ የለም። ከዚያ ወደ እኛ ዘወር ብለው «እስቲ እናንተ የተማራችሁ ልጆች ንገሩን፤ ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

አለማወቃችንን መናገር አፈርን። «ጥም ነው አጎቴ፤ ዘንድሮ ክረምቱ ቶሎ ወጣ» ብለን መለስን። አጎታችንም ቃላችንን አመኑ። ከዚያ ማሳ የተረፈውን ለዘር አስቀመጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው መሬት ላይ ዘሩት። ከዘሩም ለአንድ አዲስ ጎጆ ለወጣ ጎረቤታቸው አበደሩት። ጎረቤታቸው የሠርጉን ዕዳ በሽምብራው ሊከፍል አስቦ ነበር። በዚያ ዓመት ክረምቱ ጥጋብ ነበር፤ አፈሩ ውሃ አልጎደለውም። ሽምብራው ግን በሁለቱም ማሳ ከፊተኛው ይልቅ ጠወለገ። ያ ወጣት ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን ሸጦ ዕዳውን ከፈለ፤ ከዚያ ወዲህ በመቀናጆ የሚያርስ ሰው ሆነ።

በሁለተኛው ዓመት አንድ የዕፅዋት ሐኪም ወደ ማሳው መጣ። ብዙ አልተናገረም። ከኪሱ ምላጭ አወጣ፤ አንድ የጠወለገ ተክል ነቅሎ ከአንገቱ ጀምሮ ወደ ሥሩ ቁልቁል ሰነጠቀው። ከውጭ ጤነኛ የመሰለው ግንድ ውስጡ ከላይ እስከ ታች በጠቆረ መስመር ተሰምሮ ነበር። «ጥም ነው ያላችሁት ግማሹ እውነት ነው፤ ተክሉ በጥም ሞቷል። ነገር ግን ውሃው ሳያልቅ ቦዩ ተደፍኖበት ነው» አለ። ሁለት ዓመት ያሳሳተን ነገር በአንድ ምላጭ ተገለጠ።

ተጠርጣሪዎቹ

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቁሩ አፈር ውስጥ ሊቃውንቱ ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም የሚሉት ሻጋታ አለ። ይህ ሻጋታ በቀጭን ሥር በኩል ገብቶ ወደ ግንዱ መካከል፣ ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል በሚወጣበት ቧንቧ ውስጥ ይሰፍራል። በዚያም እየተባዛ ቧንቧውን ይደፍናል፤ መርዝም ይረጫል። ተክሉም ራሱን ለማዳን ሲል ቧንቧውን በራሱ ሙጫ ያጥራል፤ መከላከያው መልሶ ያንቀዋል። ቅጠሉ ከነአረንጓዴነቱ ይወርዳል፤ አይረግፍም፤ እንደ ተንጠለጠለ ይደርቃል። በተጋላጭ ዘር ላይ ሲሆን ከተዘራ በሦስትና በአምስት ሳምንት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እስኪያብብና እስኪያፈራ ይጠብቃል። በሕንድ አገር ሐዋሬና ኔኔ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1980 እንዳሳወቁት፣ ቀድሞ የጠወለገ ተክል ከምርቱ ከመቶ 77 እስከ 94 ያጣል፤ ዘግይቶ የጠወለገው ከመቶ 24 እስከ 65 ያጣል።

ምነው ታዲያ «ሽምብራ ጠወለገ፤ ፉዛሪየም ነው» ብለን አንደመድምም? ተጠርጣሪው አንድ ብቻ ስላልሆነ ነው። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ሁሉም አንድ መልክ አላቸው፤ ቀርበው ሲያዩዋቸው ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አሻራ ይተዋሉ።

አንደኛው ስክለሮሽየም የሚባለው ነው። ይህ ቡቃያውን በልጅነቱ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ ከምድር ጋር ከሚገናኝበት ከአንገቱ ላይ ያበሰብሰዋል። በበሰበሰው ቦታ ነጭ የጥጥ ክር የመሰለ ነገር ይታያል፤ በክሩም መካከል የሰናፍጭ ዘር የሚያካክሉ ክብ ፍሬዎች ይገኛሉ።

ሁለተኛው ጥቁር የሥር ብስባሴ ነው፤ የፉዛሪየም ዘመድ የሆነው ፉዛሪየም ሶላኒ ያመጣዋል። ውሃ የተኛበትን መሬት ይወዳል። ሥሩ ከውጭ ጠቁሮ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉም ወደ ቢጫነት ይለወጣል። የአድአ ገበሬ ዘሩን እስከ ክረምቱ መጨረሻ የሚያቆየው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ አባቶቻችን ስሙን ባያውቁትም ጠባዩን ያውቁት ነበር።

ሦስተኛው ደረቅ የሥር ብስባሴ ነው። ይህ በተቃራኒው ሙቀትንና ድርቀትን ይወዳል፤ ተክሉ ፍሬ በያዘ ጊዜ ይመጣል። ተክሉን ሲስቡት ዋናው ሥር እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ብሎ ከአፈር ውስጥ ይቀራል፤ ቀጫጭኖቹ ሥሮች የሉም። የሥሩን ልጣጭ ሲያነሡት የከሰል ዱቄት የተበተነበት የመሰለ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል።

አራተኛው ጭራሽ ሻጋታ አይደለም፤ በክሽክሽ የሚተላለፍና ተክሉን የሚያጫጭ ቫይረስ ነው። ግንዱ ሲሰነጠቅ እርሱም ቡናማ ቀለም ያሳያል። ልዩነቱ ቀለሙ ያለው በልጣጩ በኩል፣ ምግብ ከቅጠል በሚወርድበት ቦይ ላይ መሆኑ ነው። የፉዛሪየም ጥቁረት ግን በእንጨቱ ውስጥ ነው። ምላጭ የያዘ እጅና ታግሦ የሚመለከት ዐይን እዚህ ላይ ያስፈልጋሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር እውነተኛው ጥምም አለ። ጥም ግን ጎረቤት አይመርጥም፤ አንድ ዓይነት አፈር ላይ ያለውን ሁሉ እኩል ይይዛል። አጎታችን ማሳ ላይ በአረንጓዴው መካከል እየመረጠ በክብ በክብ የገደለው ጥም አለመሆኑን ይህ ብቻ ሊነግረን ይገባ ነበር። አየነው፤ አላስተዋልነውም።

ሌባ ሻይና አውጫጭኝ

ድሮ በአገራችን ሌባ የሚፈለግበት ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ሌባ ሻይ ነው፤ አንድ ብላቴና መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ በመንደሩ ይነዳል፤ ከደጃፉ የወደቀበት ሰው ሌባ ይባላል። ሁለተኛው አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ነው፤ የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ያየም የሰማም እየተጠየቀ፣ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ማንም ከስብሰባው አይወጣም። አውጫጭኝ ያሰለቻል፤ የሥራ ቀን ይበላል፤ ነገር ግን ፍርዱ ማስረጃ ይፈልጋል። የሌባ ሻይ ፍርድ ፈጣን ነው፤ ንጹሑን ሰው ግን ያስራል።

የበሽታ ምርመራም እንዲሁ ነው። በምላጭ የታየው ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም። ፍርዱ የሚሰጠው በቤተ ሙከራ ነው፤ አካሄዱም ውስብስብ አይደለም።

መጀመሪያ ከታመመው ግንድ፣ የጠቆረውና ጤነኛው ከሚገናኙበት ወሰን ላይ፣ ትንንሽ ቁራጭ ይወሰዳል። ከላዩ ላይ ያለው የመንገድ ቆሻሻ እንዳያሳስት በቀጠነ በረኪና ይታጠባል፤ ከዚያም ተህዋስያን በሌሉበት ንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ቁራጩ በክብ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ባለ ምግብ ላይ ይቀመጣል። ይህ የሻጋታው ምግብ ከድንች መረቅና ከስኳር የተሠራ ነው፤ አጋር በሚባል ከባሕር ተክል በሚገኝ ማርጊያ እንደ ገንፎ ረግቷል። ወጥ ቤት የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሊገባው የሚችል ነገር ነው። ሳህኑ በ25 ዲግሪ ሙቀት ግድም ጥቂት ቀናት ሲቆይ ከቁራጩ ዙሪያ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ይበቅላል፤ ብዙ ጊዜም ከሥሩ ወደ ሐምራዊነት ያደላል።

ቀጥሎ ከዚያ ጥጥ ጥቂቱ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም ከሆነ ሦስት ዓይነት ዘር አለው፦ አንዱ ትንሽና ሞላላ፣ አንዱ እንደ ማጭድ ጎበጥ ያለና በውስጡ የተከፋፈለ፣ አንዱ ደግሞ ክብና ግድግዳው ወፍራም። ትንንሾቹ ዘሮች የተሸከሙበት እግር አጭር ከሆነ ኦክሲስፖረም ነው፤ ረጅም ከሆነ ዘመዱ ሶላኒ ነው። የሁለት በሽታ መለያ የአንድ እግር ርዝመት መሆኑን ስናስብ ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባናል። ያ ግድግዳው ወፍራም የሆነው ክብ ዘር ደግሞ ትልቁ ጣጣ ነው፤ ሽምብራ ባይኖርም በአፈር ውስጥ ተኝቶ ከስድስት ዓመት በላይ ይቆያል።

እስከዚህ ስንደርስ «ተገኘ!» ማለት ያምረናል። ይሁን እንጂ ዋናው ነገር ገና ነው። ፉዛሪየም ኦክሲስፖረም በዓለም አፈር ሁሉ ላይ የተበተነ ሕዝብ ነው፤ ከመካከሉም ማንንም ሳይጎዳ በሥር ዙሪያ የሚኖር ብዙ አለ። ከጎጂዎቹም እያንዳንዱ የራሱ ጠላት አለው፤ የሙዙ ሽምብራን አይነካም፤ የቲማቲሙ ጥጥን አይገድልም። ስለዚህ በሽምብራ ሥር ውስጥ ፉዛሪየም መገኘቱ ብቻ ጥፋተኝነቱን አያስረዳም። አንድ ሰው ግድያ በተፈጸመበት መንደር ስለ ተገኘ ገዳይ ነው አይባልም።

ለዚህ የሚሆነውን ሕግ ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ስለ ሰውና ስለ እንስሳት በሽታ ሲመራመር አጽንቶታል፤ ለዕፅዋትም ይሠራል። በሳህኑ ላይ ለብቻው ያደገው ሻጋታ ጤነኛ የሽምብራ ቡቃያ ባለበት ንጹሕ አፈር ውስጥ ይገባል፤ በአጠገቡም ሻጋታ ያልተሰጠው ሌላ ቡቃያ ለማነጻጸሪያ ይቆማል። የመጀመሪያው ጠውልጎ ሁለተኛው ከዳነ፣ ከጠወለገውም ግንድ ያው ሻጋታ እንደ ገና ከወጣ፣ ያን ጊዜ ፍርዱ ይሰጣል። በእኛ ዘመን በዘረ መል ንባብ የሚደረግ ምርመራ ይህን ሥራ እጅግ አፋጥኖታል፤ ቢሆንም መሠረቱ ያው ነው፤ ተከሳሹ እንደ ገና ድርጊቱን ሲፈጽም መታየት አለበት።

በአንድ ስም ብዙ ወገን

ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? በአውሮፓ የደረሰውን እናስታውስ። በ1845 በአየርላንድ ድንች በአንድ ጊዜ ጠቁሮ በሰበሰ፤ ረኀቡም በዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ፈጀ። ያን ጊዜ ብዙ ሊቃውንት ምክንያቱ የአየሩ እርጥበት ነው፤ በቅጠሉ ላይ የሚታየው ሻጋታ ከብስባሴው የተወለደ ነው ይሉ ነበር። በርክሊ የተባለ አንድ እንግሊዛዊ ቄስ በ1846 ሻጋታው የበሽታው ልጅ ሳይሆን አባት ነው ብሎ ተከራከረ፤ ብዙዎች አልሰሙትም። በ1860ዎቹ መጀመሪያ ጀርመናዊው ደ ባሪ ጤነኛውን ድንች በሻጋታው እያስያዘ ነገሩን አረጋገጠ። ከዚያ በፊት ማን ጠላት እንደ ሆነ ሳይታወቅ ማንን መውጋት ይቻል ነበር?

የሽምብራን መጠውለግ በሕንድ አገር በትለር የተባለ ሊቅ በ1918 በጽሑፍ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ያለው ምርምር ደግሞ ሌላ ነገር አሳየ፤ የሽምብራው ፉዛሪየም ራሱ አንድ አይደለም። ሐዋሬና ኔኔ በ1982 በሕንድ አራት የተለያዩ ወገኖች መኖራቸውን ገለጡ፤ በኋላ በሌሎች አገሮች የተገኙት ተጨምረው ዛሬ ስምንት ወገኖች ይታወቃሉ። ወገኖቹ በማይክሮስኮፕ አይለዩም፤ ሁሉም አንድ መልክ ናቸው። የሚለዩት የተለያዩ የሽምብራ ዘሮች በአንድ ላይ ተዘርተው የትኛው የትኛውን እንደሚገድል በማየት ነው። አንዱ ወገን አጠውልጎ ይገድላል፤ ሌላው ቀስ በቀስ ቢጫ ያደርጋል። ለአንዱ ጋሻ የሆነ ዘር ለሌላው ወንፊት ነው። በአገራችንም ከየቦታው የተሰበሰቡ ናሙናዎች ሲፈተኑ ኃይላቸው እኩል እንዳልሆነ ታይቷል።

የሙዝ ነገር ለዚህ ትምህርት ይሰጣል። በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በመካከለኛው አሜሪካ ግሮ ሚሼል የሚባለውን ሙዝ የሙዙ ፉዛሪየም ፈጀው፤ ነጋዴዎችም ካቨንዲሽ ወደሚባለው ተከላካይ ሙዝ ተዛወሩ። ዓለም ተገላገልን አለ። ከጊዜ በኋላ ካቨንዲሽንም የሚገድል ሌላ ወገን ተነሣ፤ በ2013 በአፍሪካ ምድር፣ በሞዛምቢክ፣ መድረሱ ተነገረ። የጠላትን ስም አንድ ጊዜ ማወቅ አይበቃም፤ መመላለስ ያስፈልጋል።

በየካ የተቀመጠው ዘር

ከእንጦጦ ወርደን ወደ የካ እንመለስ። በዚህ ክፍለ ከተማ፣ በኮሞሮስ ጎዳና፣ በ1976 የዕፅዋት የዘር ሀብት ማዕከል ተብሎ በጀርመን ርዳታ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ይገኛል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። በውስጡ በቀዝቃዛ ክፍሎች፣ ከየአውራጃው ገበሬ የተሰበሰበ ዘር ተቀምጧል፤ ከእነዚህም መካከል የሽምብራው ብቻ ከአንድ ሺህ ዓይነት በላይ ነው። አገራችን የሽምብራ ልዩ ልዩ ዘር ከሚገኝባቸው የዓለም ሥፍራዎች አንዷ ናት፤ በሰሜኑ ክፍል የሽምብራ የዱር ዘመድም ይበቅላል።

በዚያ አጥር አጠገብ በየቀኑ የሚያልፈው ተማሪ በውስጡ ያለው ዘር ምን ሀብት እንደ ሆነ ላያስብ ይችላል። ከእነዚያ ዘሮች መካከል አንዱ ወይም ሁለቱ ለዚህ ገዳይ የማይበገሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ዘሩ ግን ራሱ አይናገርም። ለማወቅ ከታወቀ ጠላት ጋር ማጋጠም ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆን ማሳ በቢሾፍቱ፣ በ1953 በተመሠረተው የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል፤ የታመመ ማሳ ይሉታል። ገበሬ ሁሉ ከማሳው በሽታ ሊያስወጣ ሲደክም፣ እዚያ ያሉት ሰዎች በሽታውን ዓመት ከዓመት በአፈር ውስጥ ያከማቹታል። በየጥቂቱ መደዳ መካከል በቀላሉ የሚሞት ዘር ይዘራል፤ እርሱ ሲሞት በሽታው መሬቱን በእርግጥ መያዙ ይታወቃል፤ በአጠገቡ ቆሞ የቀረውም ዘር ተከላካይነቱ ይመሰከርለታል። ማዕከሉ ማርዬ፣ አረርቲ፣ ናቶሊና ሌሎችንም የሽምብራ ዝርያዎች ለገበሬው አበርክቷል። ዳሩ ግን አንዱ ዝርያ ለአንዱ በሽታ ቢበረታ ለሌላው ሊሸነፍ ይችላልና፣ በእያንዳንዱ ወረዳ ያለው ጠላት ማን እንደ ሆነ ካልታወቀ ለየትኛው ገበሬ የትኛው ዘር እንደሚሰጥ አይታወቅም።

መድኃኒቱም እንደ ገዳዩ ይለያያል። ጥቁር የሥር ብስባሴ ከሆነ ውሃውን ማጠንፈፍ፣ በሰፊ መደብ ላይ መዝራት ይረዳል። ደረቅ የሥር ብስባሴ ከሆነ አዝመራው በሙቀትና በጥም ሳይያዝ ፍሬ እንዲይዝ ማድረግ ይጠቅማል። የፉዛሪየም መጠውለግ ከሆነ ግን ውሃ ማጠጣቱ ዋጋ የለውም፤ የሚያስፈልገው ተከላካይና ንጹሕ ዘር ነው። በሽታው በዘር ይተላለፋልና ከታመመ ማሳ ዘር መውሰድ አይገባም፤ መሬቱንም ለረጅም ጊዜ በጤፍና በስንዴ ማፈራረቅ ያሻል። ለአንዱ የተሰጠ መድኃኒት ለሌላው ከንቱ ነው፤ አንዳንዴም ጉዳት ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

ይህን ገጽ የሚያነቡት አብዛኞቹ ተማሪዎችና በቅርቡ ሥራ የያዙ ወጣቶች መሆናቸውን እናውቃለን። ነገ ከነገ ወዲያ ከመካከላችሁ አንዱ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የአዝመራ ጉዳት ሪፖርት ይፈርማል። በቅጹ ላይ «የጉዳቱ ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። «ድርቅ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ማንም አይጠይቅም፤ አለቃም አይቆጣም። ነገር ግን በዚያች በአንዲት ቃል ምክንያት የታመመ ዘር ተመልሶ ሊዘራ፣ ለሌላው ገበሬም ሊታደል ይችላል። ከመጻፍ በፊት ወደ ማሳው ገብቶ አንድ ተክል መሰንጠቅ ከጫማ መጨቅየት በቀር የሚያስከፍለው የለም። ከታመመው ተክል ከነሥሩ ነቅሎ በወረቀት ጠቅልሎ፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፎ፣ ወደ ደብረ ዘይት ወይም ወደ አምቦው የግብርና ምርምር ማዕከል መላክ ይቻላል። በፌስታል መጠቅለል አይገባም፤ ይበሰብስና ከገዳዩ ይልቅ ሬሳ በል ሻጋታ ይወጣበታል። ያላወቀም «አላወቅሁም፤ ይመርመር» ብሎ ይጻፍ። ይህች ቃል የሹመትን ክብር አትቀንስም።

እኛ ይህችን ቃል አጎታችን ፊት ልንናገራት ባለመቻላችን አንድ በሬ ተሸጧል። አጎታችን ማሳቸውን ወደ ጤፍ መልሰው፣ ለሽምብራቸው ከሌላ ቦታ ንጹሕ ዘር ፈልገው ራሳቸውን ችለዋል። እኛንም አልወቀሱንም፤ አለመውቀሳቸው ከተግሣጽ ይልቅ ከበደን። ያንን ወጣት ጎረቤታቸውን ባለፈው ጥር አግኝተን ነበር። የሆነውን ሁሉ ነግረን ይቅርታ ጠየቅነው። «ታዲያ በሽታው ከእናንተ ዘር ነው የመጣብኝ ወይስ ከፊትም በመሬቴ ነበረ?» አለን።

መልሱን አናውቅም። ያን ጊዜ ማሳውን ማንም አልመረመረውም፤ ዘሩም ከመዘራቱ በፊት አልተፈተነም። ፉዛሪየም በዘርም ይሄዳል፤ በአፈርም ዓመታት ይተኛል፤ የትኛው እንደ ሆነ አሁን የሚያስረዳ ምስክር የለም። «ጥም ነው» ብለን በድፍረት የመለስን እኛ፣ በዚህ ጊዜ ለበሬው ባለቤት «አላወቅንም» ብለን መለስን። ቃሉ እውነት ነበር። የመጣው ግን ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው።